የባለቤቴን የውሃ ልኬት ለሌላ ሰው ስላስረከበው ማከማቻ

ለተከበሩ ዶክተር ጃኔል ኦስትሊ
የሬድ ፎርክ ዩኒቨርሲቲ ዲጂታል የምርምር ማከማቻ ኃላፊ
ሚኒሶታ

ክብርት ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለኮምፒውተሮችዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ሟች ባለቤቴ ዶክተር ሶልቬግ ትቬይት በየገበሬው ጉድጓድ እየዞረች የሰበሰበችውን የውሃ ጥራት ልኬት ተቀብለው ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። መቀመጡንስ ተቀምጧል፤ የተቀመጠው ግን በሌላ ሰው ስም ነው።

አንደኛ፣ ማከማቻዎ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር የጫነውን ሠራተኛ «ደራሲ» ብሎ መመዝገቡን ሳይ፣ ለሠራተኞችዎ ያለዎትን ፍቅር አደነቅሁ። ደራሲ ተብሎ የተሾመው ይኸው ሠራተኛ፣ ወዳጄ ዴል ኩቸራ፣ ዛሬ ጡረተኛ ነው። በቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ጉዳዩን ባነሣሁበት ጊዜ፣ «ኧረ ሃርላን፣ እኔ እኮ ፋይሉን ጭኜ ምሳዬን ልበላ ነው የወጣሁት» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊዎ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ እርማት መጠየቅ የሚችለው ደራሲው ብቻ ነው፤ ያውም ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል። ሶልቬግ በመዝገባችሁ ደራሲ አይደለችም፤ ብትሆንም ኢሜይሏን በቀብሯ ሳምንት ዘግታችሁታል። ዴል ላመልክት ቢል የእሱም በጡረታው ተዘግቷል። አሠራራችሁ አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለውም፤ ጉድጓዶቻችን እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ ማዳበሪያ ባልሰረገባቸው።

ሦስተኛ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእናንተ ኮምፒውተር ደግሞ የያዘውን ያባዛል። ሌሎች ቤተ መጻሕፍት መዝገቡን ከእናንተ ስለሚቀዱ ስህተቱ አገር ምድሩን አዳርሷል። ባለፈው ወር የካውንቲው ምክር ቤት በየእርሻው ስለሚረጨው ማዳበሪያ ሲመክር ልኬቱን በማስረጃነት አቀረብን። ቁጥር ብቻ እንጂ ሽፋንና ፊርማ የሌለው በመሆኑ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ደራሲ የተባለውን ዴልን አስጠሩት። እሱም ሐቀኛ ሰው ነውና እኔ አልሠራሁትም አለ። የባለቤቴ ነው ብዬ ብነሣ የእናንተን መዝገብ አሳዩኝ።

«እንግዲያው ባለቤት የሌለው መረጃ ነው» አሉና ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ዐለፉ።

ክብርት ሆይ፣ ተናድጃለሁ። ሶልቬግ አይጠጣም ብላ ከለየችው ጉድጓድ ጎረቤቴ ዛሬም እየቀዳች ለጨቅላ ልጇ ወተት ትበጠብጣለች፤ ምክር ቤቱ ያልከለከለውን ውሃ እኔ ብከለክላት የሐዘንተኛ ሽማግሌ ወሬ ይመስላታል። ልጃችንም በማከማቻዎ የእናቷን ስም ብትፈልግ «ምንም አልተገኘም» የሚል ፈጣን መልስ አግኝታለች። ስለ ፍጥነቱ እናመሰግናለን።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
በመዝገባችሁ የሌለች ሴት ባል፣
ሃርላን ትቬይት

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ወደ ማከማቻዎ የሚገባ ከሆነ ደራሲዋ እርስዎ ተብለው ይመዝገቡልኝ፤ እያንዳንዱን ቃል ያጻፉኝ እርስዎ ስለሆኑ በበኩሌ እርማት አልጠይቅም።