ለሰናይት የፈተንኩት ላፕቶፕ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ጠዋት 4፡15

ማስታወሻዬ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። ላፕቶፕ ከባድ ጌም ይችል እንደሆነ በመልኩ አይታወቅም፤ ላዩ ላይ በተለጠፈው ወረቀትም አይታወቅም። መጀመሪያ የሚታየው ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ለብቻው የቆመ፣ የራሱ ሜሞሪ ያለው መሆን አለበት። ቀጥሎ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር። ቀጥሎ ራም፣ ማሽኑ በእጁ ያለውን ሥራ የሚይዝበት ሜሞሪ። ከዚያ ሁሉም የሚረሳው፦ ሙቀቱን ማስወጣት መቻሉ። አንዱ ከወደቀ ሌሎቹ አያድኑትም። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት አነበብኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው፣ ሦስት ሳምንት!

የኛው ከተማ ፒያሳ ነኝ፣ የአዲስ አበባው አይደለም፤ ከጌታሁን ኮምፒውተር ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ካፌ። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል። ከጉጉት የተነሳ ረስቼው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰናይት፣ የታናሽ እህቴ ልጅ፣ እንፍራንዝ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ለብቻዋ፣ ጌም ስትሠራ ኖራለች። ጌሙ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ነው፣ ግንቡ ሳይፈርስ። ተጫዋቹ መልእክተኛ ነው። በዝናብ፣ በፈረስ፣ ደብዳቤ ይዞ ሽቅብ ይወጣል። አሁን አዲስ አበባ ያለ ጌም የሚሠራ ድርጅት መጥተሽ አሳዪን ብሏታል። የሚቀጥለው ሐሙስ። ከወደዱት ይቀጥሯታል፣ ጌሙንም አብረዋት ይጨርሳሉ። ግን የራሷን ላፕቶፕ ይዛ መቅረብ አለባት። ያላት አሮጌ ነው፤ ፈረሱ አንድ እግሩን አንስቶ እስኪያሳርፍ አንድ ብርጭቆ ሻይ ያልቃል። ክፍል ክፍሉን ለየብቻ እየከፈተች ነው የሠራችው። ሙሉውን በአንድ ላይ እሷ ራሷ አይታው አታውቅም።

ጋሼ፣ እርስዎ ካላሳለፉት አልገዛም አለችኝ። ፈታኙ እንግዲህ እኔ ነኝ።

ቀን 7፡30

ጌታሁን ተማሪዬ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ፦ «ቲቸር፣ ቀይ እስክሪብቶውን ይዘው ነው የመጡት?» ይዤ ነበር። በአሥረኛ ክፍል አርባ ዘጠኝ ሰጥቼ ጥዬዋለሁ፤ አልረሳም።

ሦስት ላፕቶፕ አቀረበ። አንደኛው፦ ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው አይደለም። በሁለት ደቂቃ ወደቀ። ሁለተኛው፦ ካርዱ ደህና፣ ራሙ ግን ስምንት ጊጋ ነው፤ ከቦርዱ ጋር የተበየደ፣ የማይጨመርበት። የሰናይት ጌም ብቻውን አሥራ ሁለት ይፈልጋል። ወደቀ። ሦስተኛው! ካርዱ ስድስት ጊጋ የራሱ ሜሞሪ አለው። ራም አሥራ ስድስት። ወረቀቱን አላመንኩም፤ ማሽኑ ስለ ራሱ የሚናገርበትን መስኮት ከፍቼ አንድ በአንድ አየሁ። እውነት ነው።

ቤት ወስጄ ልፈትነው አልኩ። ጌታሁን ሳቀ፣ ሰጠኝ። እስከ ዓርብ። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ከአዘዞ የሚመጣ ገዢ አለው፤ ቃል ገብቶለታል። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ቀን 8፡40

ጌሙ መጣ! ሰናይት በፍላሽ ገልብጣ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ስሜን ጽፋ በሚኒባስ ላከችው። ሹፌሩ ከሸሚዙ ኪስ አወጣት። «ምነው አያ፣ ለዚህች ጥፍር ለምታህል ነገር ነው ከማለዳ የቆሙት?» ውስጧ ቤተ መንግሥት አለ አልኩት። «ከነግንቡ ጭኜ ነዋ የመጣሁት! ሸጋ፣ ትራፊክ ባያየኝ ነው።»

ባለቤቴ አስካለ የሳሎኑን ጠረጴዛ ለቀቀችልኝ። ምርጥ ዳንቴሏን አንጥፋ ላፕቶፑን እንደ እንግዳ መሀል ላይ አስቀመጠችው።

የመለኪያዬ ነገር፦ ጌም ማለት ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ምስል ነው። በሰከንድ ስንት ምስል ያሳያል? ም/ሰ ብዬ አሳጥረዋለሁ። ስልሳ ከሆነ እንደ ውሃ ይፈሳል። ከሠላሳ በታች ዓይን ያደክማል። ውጤቱ ከመቶ፦ ካርድ 40፣ ፕሮሰሰር 20፣ ራም 15፣ ሙቀት 15፣ ዲስክና ስክሪን 10። በአንዱ የወደቀ በሁሉም ወደቀ። ሕጉን ከፈተናው በፊት ጻፍኩት፣ በኋላ እንዳልደራደር።

9፡05

63 ም/ሰ! ስልሳ ሦስት!

ዝናቡ ይወርዳል። ሣሩ እያንዳንዱ ለብቻው ይተኛል፣ ይነሳል። የፈረሱ ጋማ ረጥቧል። ጮህኩ መሰለኝ። አስካለ ከጓሮ እየሮጠች መጣች፣ እቅፏ ሙሉ ልብስ። የዝናብ ድምፅ ሰምታ የተሰጣውን ስትሰበስብ ነበር። ስክሪኑን አየች፣ ልብሱን አየች። ሰማዩ ብሩህ ነው። «የእህትህ ልጅ ቀንቷታል!» አለችና ቁጭ አለች። ሁለታችንም ፈረሱን ተከተልን።

9፡25

መብራት ሄደ። ወዲያው 26 ም/ሰ። አልደነገጥኩም። አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ማሽን በባትሪ ሲሆን ራሱን ይቆጥባል። ይህ የማሽኑ ድክመት አይደለም። ውጤቱን ሰረዝኩት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳሳት ነበር፣ ማስታወሻዬ። እኔ አልተሳሳትኩም።

11፡50

መብራት መጣ፣ ከሀ ጀመርኩ። እስከ 16ኛው ደቂቃ 62። በ17ኛው 40። በ20ኛው 18። ፈረሱ አነከሰ። ሙቀት 96 ዲግሪ። ምንድን ነው? ነገ እደግመዋለሁ። አንድ ፈተና ፈተና አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ቀን 10፡30

ሦስት ጊዜ ደገምኩ። ጠዋት፣ ረፋድ፣ ከምሳ በኋላ። ቻርጀሩ ተሰክቷል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ሰዓቱ ተይዟል። ሦስቱም ያው ነው። በስልሳ ይጀምራል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይግላል፣ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ሰናይት አርባ ደቂቃ ነው የምታሳየው።

ካርድ 36። ፕሮሰሰር 18። ራም 15። ዲስክና ስክሪን 9። ሙቀት ዜሮ። ድምር 78፣ ግን ወደቀ። ሕግ ነው።

በመሀል ወጥቼ ሌሎች ሱቆች አየሁ። ለዚህ ጌም የሚበቃ ሌላ በከተማው አጣሁ።

11፡15

ደወልኩላት። አትግዢው አልኩ። ምክንያቱን በተራ ነገርኳት። እሺ ጋሼ አለች። እንግዲያው ለድርጅቱ አልመጣም ብላ ትጽፍላቸዋለች። አልተከራከረችም። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ፈረሱስ? ይሮጣል?»

አሥራ ስድስት ደቂቃ በሚገባ ሮጧል አልኳት።

«አሥራ ስድስት ደቂቃ ሙሉ!» ሳቀች። እውነተኛ ሳቅ። እኔ ግን ራት አልበላም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ጠዋት 5፡00

ከጌታሁን ሱቅ እየጻፍኩ ነው። ቁጭ ማለት አልቻልኩም፣ ቆሜ ነው።

ልመልስለት መጣሁ። የወደቀበትን ምክንያት በወረቀት ሰጠሁት። ጌታሁን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ላፕቶፑን የመስታወት ባንኮኒው ላይ አድርጎ ፍላሼን ሰካ። ሰዓቴን ያዝኩ። 16ኛው ደቂቃ፣ 61። 20ኛው፣ 60። 45ኛው፣ 60! ሙቀት 82።

«ቲቸር፣ ዛሬም በአርባ ዘጠኝ ሊጥሉኝ ነው?»

ቤት ምን ላይ አድርጌ እንደፈተንኩት ጠየቀኝ። ጠረጴዛ ላይ አልኩ። ባዶ ጠረጴዛ? አለ።

ዳንቴል።

ላፕቶፑን ገልብጦ ሆዱን አሳየኝ። ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ። አየር የሚስበው በዚያ ነው። የአስካለ ዳንቴል ደግሞ እንደ ጋቢ ወፍራም ነው። አፍኜው፣ መተንፈስ አቃተህ ብዬ ዜሮ ሰጠሁት! ሙቀት በምን በምን መንገድ ይተላለፋል እያልኩ ስንት ክፍል አስተማርኩ። በባትሪው አልተሸወድኩም ብዬ የጻፍኩትን ገጽ ልቀደው ነበር። ይቆይ። ተማሪ ስህተቱን አይቀድድም።

ግን በጌታሁን ቃልም አላልፍም። ሻጭ ነው። መልሼ ቤት እወስደዋለሁ። ነገ ጠዋት ልመልስ ተስማማን።

ቀን 9፡40

ሀ) በዳንቴል፦ 17ኛው ደቂቃ ላይ ወደቀ። ለ) ያለ ዳንቴል፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ቻርጀር፣ ያው ጌም፦ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ከ57 በታች አልወረደም። ሙቀት 81።

ለአስካለ ነገርኳት። «ታዲያ እንግዳ ባዶ እንጨት ላይ ይቀመጣል?» አለች። ቀጥላም፦ «ፊዚክስ ያስተማርከው አንተ፣ የወደቀው የኔ ዳንቴል!» እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ደስታው ደረቴን ሊቀደው ነው!

እና ማስታወሻዬ፣ ደረስኩ። ግንቡ ጫፍ ድረስ። ፈረሱን አሰርኩ፣ ደረጃውን ወጣሁ፣ ደብዳቤውን አስረከብኩ። ዝናቡ አባራ። ከሰገነቱ ላይ ጣና ታየ፣ ሰፊ፣ ብርሃን የተኛበት። ሙሉውን ያየው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሠሪዋ ገና አላየችውም። ይህ ትክክል አይደለም።

ሙቀት 13 ከ15። ድምር 91። አለፈ! በሥራ ዘመኔ የሰጠሁትን ውጤት የቀየርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ሦስተኛው፣ እንደዚህ የጣፈጠኝ ግን የለም።

12፡10

የሰናይት ስልክ አይሠራም። ዝግ ነው። ስድስት ጊዜ። ለድርጅቱ ጽፋ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት 3፡05

አሁንም ዝግ። መነኸሪያ ነኝ። ሹፌሩን አገኘሁት፣ የፍላሹን። እንፍራንዝ ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም አለኝ። እፎይ! ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው፤ ምናልባት መጻፍም አልቻለችም። ቤቷን ያውቀዋል። ደብዳቤ አደርሳለሁ አለ፣ በገዛ ስልኩም ያስደውልልኛል። «አያ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ግንብ ሊያስጭኑኝ ነው?» ይላል፣ ሞተሩን እያሞቀ።

ላፕቶፑን ለጌታሁን መልሼ ነው የመጣሁት። እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል፣ ከዚያ ግን ለአዘዞው ሰው የገባው ቃል ነው። ትክክል ነው አልኩት። ገንዘቡ የሰናይት ነው፤ ያለ ቃሏ አልወስድም። ወሰንኩ፦ ጥፋቴን በጽሑፍ አምናለሁ፣ ከዚያ ጌታሁን በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደብዳቤውን፣ ማስታወሻዬ፣ አንተ ላይ ገልብጬዋለሁ፦

«ሰናይት፣ የወደቀው ላፕቶፑ አይደለም፣ ፈታኙ ነው። ከሥሩ ዳንቴል አንጥፌ አየር ከልክዬው ነው የጋለው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈረስሽን ሳይደክም አስሮጦታል። 91 ሰጥቼዋለሁ። ለድርጅቱ አልመጣም ብለሽ ካልጻፍሽ አትጻፊ። ጽፈሽ ከሆነ ዛሬውኑ እንደገና ጻፊ፤ ስህተቱ የአጎቴ ነው በያቸው፣ ከፈለጉ እኔው እመሰክራለሁ። ግንብሽን እስከ ጫፉ ወጥቼዋለሁ፤ ምን እንደሚታይ አልነግርሽም፣ ራስሽ እዪው። ላፕቶፑ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየን። ይህን እንዳነበብሽ፣ ሹፌሩ ከደጅሽ ሳይነሳ፣ በስልኩ ደውዪልኝ። ይውሰዱት ወይም ይተዉት በዪኝ፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። ስልኬን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። እባክሽ ልጄ፣ አሁኑኑ መልሺልኝ።»