በቁጥር 43 የተመዘገበው ደም

ግንቦት 11 ቀን 1969 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ለመንገድ ሥራ ሠራተኞች ጤና ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ደሴ

ጉዳዩ፦ በሟች ልጄ በምናለ አራጌ ስም የተመዘገበው የደም ምርመራ ውጤት እንዲታረምና በዚሁ ውጤት ምክንያት ሰባት ሠራተኞች ወደ ድንጋይ መፍጫው እንዳይመለሱ ስለ መጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

እኔ አመልካች ወይዘሮ እታገኘሁ በላይ የመካነ ሰላም ከተማ ነዋሪ ነኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው፤ ከዳዊት አላለፍኩም። ጽሑፌ ቢንቀራፈፍ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። ማመልከቻውን ገበያ ላይ ተቀምጦ ለሚጽፈው ለአቶ ሞላ ላስጽፍ ሄጄ ነበር። ነገሬን ሰምቶ ሲጨርስ ብዕሩን አስቀመጠና፣ «እትዬ፣ ‹በስሕተት› ብለን እንለፈው፤ አለዚያ ራስዎን ያሳስራሉ» አለኝ። እኔ ግን ያደረግኩትን አውቄ ነው ያደረግኩት። ስለዚህ ወረቀቱን ተቀብዬው ራሴ ጻፍኩት፤ አራት ቀን ፈጀብኝ።

1. ባለቤቴ አራጌና እኔ በደጎሎ በኩል ገብስ አራሾች ነበርን። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ውርጭ መታን። በሬዎቹን ሸጠን ከበላን በኋላ በ1965 ዓ.ም. ከአንድ ልጃችን ከምናለ ጋር መካነ ሰላም መጠለያ ገባን። እዚያ ባለቤቴን ትኩሳት ያዘው። ለምርመራ ከክንዱ ደም ቀዱ፤ በማግሥቱ ሞተ። የገደለው ትኩሳቱ መሆኑን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የቀረችውን ጥቂት ደም ወሰዱበት ብዬ አመንኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከልቤም አልወጣም።

2. በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ ምናለ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ዓባይ በሚወርደው መንገድ ሥራ፣ በድንጋይ መፍጫው ላይ፣ ስንዴ እየተሰፈረለት ሊሠራ ገባ። ድንጋዩ ነጭ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ማሽኑ ሲፈጨው ዱቄቱ ጎን ለጎን የቆመን ሰው እንኳ አያሳይም። አፋቸውን በጨርቅ ያስራሉ፤ ማታ ሲወጡ ግን ሁሉም ፀጉራቸው ነጭ ነው። ሀሊማ አህመድ የምትባል ድንጋይ የምታቀብል ልጅ፣ «ምናለ፣ ሳታገባ ሸበትክ እኮ!» ትለው ነበር። እሱም፣ «አንቺስ መች ቀረልሽ፤ እኩያ ከሆንን ሽማግሌ ልላክ እንጂ» ይላታል። እንዲህ እየሳቁ ነበር የሚውሉት። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ሳሉ ጀመረው።

3. በጥር 1968 ዓ.ም. ከደሴ አንድ ሐኪም መጥተው ሠራተኞቹን ሰበሰቡ። ምሳ ይዤ ሄጄ ስለ ነበር ከዳር ቆሜ ሰማኋቸው። ይህ ሳል ሁልጊዜ የሳንባ ነቀርሳ አይደለም አሉ። የድንጋዩ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሰውነት ሲታገለው ደም ውስጥ ምልክት ይተው ይሆናል፤ ራጅ ከማሳየቱ በፊት ደሙ ይነግረን እንደሆነ እንሞክር አሉ። ምልክት የተገኘበት ሰው ስንዴው ሳይጎድልበት ከመፍጫው ወጥቶ ችግኝ ተከላ ላይ እንዲሠራም ከመንገድ ሥራው አለቆች ጋር ተስማሙ።

4. ደም በሚቀዳበት ቀን ሊቀዳ የመጣው ድሬሰር ለአገሩ እንግዳ ስለ ነበር የሚጠራው በካርድ ቁጥር ነው። በእኛ ዘንድ ስንዴ ሲታደልም እንዲሁ ነው። ሥራ ላይ የዋለ ሰው ካርዱን ለእናቱ ወይም ለእኅቱ ይሰጣል፤ ቁጥሩ ሲጠራ ካርዱን የያዘ ሰው ይቀርባል፤ ማን ነሽ የሚል የለም። የምናለን 43 ቁጥር ይዤ ስንት ጊዜ ስንዴ ተቀብያለሁ። ያን ጧት ምናለ ከስቶ፣ ከንፈሩ ነጥቶ አየሁት። አባቱ ትዝ አለኝ። «አንተ ተኛ» አልኩትና ካርዱን ይዤ ሄድኩ። በሰልፉ ውስጥ ድንጋይ የሚሸከሙ ሴቶችም ስለ ነበሩ ማንም አልጠረጠረኝም። አርባ ሦስት ሲል እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ሰጠሁ። ልጁ ከሥጋዬ የወጣ ነው፤ ደሙም ከደሜ ነው፤ ከእኔ ቢቀዱ ያው ነው ብዬ ነበር። ለእሱ ግን ያለችው ትትረፍለት አልኩ። ቤት ገብቼ ስነግረው ሳቀና፣ «ታዲያ ያው አይደል እማ» አለኝ። እንዲህ ያለው እኔ ስላልኩት ነው።

5. ውጤቱ በመጋቢት መጣ። ሰባት ሰዎች ምልክት ተገኘባቸው፤ ሀሊማና ስማቸው ንጉሡ የሚባል ሠራተኛ ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። ቁጥር 43 ንጹሕ ተባለ። ሰባቱ ወደ ችግኝ ሲሄዱ ቦታቸው በንጹሖቹ ተተካ፤ ምናለም ዱቄቱ ከሁሉ ወደሚብስበት፣ ወደ መፍጫው አፍ ተዛወረ። እኔ ለማርያም ጧፍ አስገባሁ። እኔ በአቧራ ውስጥ አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም፤ ደሜ ንጹሕ ቢሆን ምን ይገርማል? ይህን ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

6. በኅዳር 1969 ዓ.ም. ትንፋሹ አጠረ። በጭነት መኪና ደሴ አደረስኩት። ራጅ ተነሣ፤ ሳንባው በድንጋይ ዱቄት እንደ ተበላ ተነገረን። ሐኪሙ የቀድሞውን መዝገብ ገልጠው እያዩ፣ «የአንተ ደም እኮ ንጹሕ ነበር» እያሉ ተጨነቁ። እኔም እሱም አንገታችንን ደፋን። ሐኪሙ ሲወጡ ምናለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እማ፣ ንጹሕ የተባልሽው አንቺ ነሻ፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። ሳቀ፤ ሳቁን ሳሉ ቆረጠው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ እንዲህ ተጫዋች ነበር። ታኅሣሥ 22 ቀን ዐረፈ።

7. ባለፈው ሚያዝያ ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ ደብዳቤ ለሠራተኞቹ ተነበበ። የቁጥር 43 ደም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሰውየው በአቧራ በሽታ ስለ ሞተ የደም ምርመራው አያስተማምንም፤ ስለዚህ በዚያ ምርመራ የተዛወሩት ሰባት ሰዎች ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ ወደ መፍጫው ይመለሱ ይላል። ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በያዘው ወረቀት ነው የፈረደው። ወረቀቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ደብዳቤው በተነበበ በሦስተኛው ቀን ሀሊማ ወደምትተክልበት ሄጄ ሁሉን ነገርኳት። አቀበት ሲሆን አሁንም ታለከልካለች፤ ከመፍጫው ከወጣች ወዲህ ግን አልባሰባትም። መቆፈሪያውን ጥላ ተቀመጠች። ኋላ፣ «አብሽሩ እትዬ። ይህን ግን ለእኔ አይንገሩኝ፤ መዝገቡን ለያዙት ይንገሩ። ሰኔ ሳይገባ» አለችኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፣

ሀ/ ከምናለ አራጌ ስም ፊት «ንጹሕ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ደሙ አልተመረመረም» ተብሎ እንዲጻፍልኝ፤

ለ/ ሰባቱ ሰዎች ባሉበት በችግኝ ሥራ እንዲቆዩ፤

ሐ/ ንጹሕ የተባሉት ሠራተኞች ሁሉ ደማቸው እንዲደገም፤ ሲደገምም በካርድ ቁጥር ሳይሆን ፊታቸው እየታየ እንዲጠሩ ነው። እንደ እኔ ያደረገች ሌላ እናት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ብትኖርም በቀላሉ አትናገርም።

ቃሌ ካልታመነ ደሴ ድረስ መጥቼ ክንዴን እሰጣለሁ። እንደገና ይቅዱና ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩት።

ስላደረግኩት ነገር የሚገባኝ ቅጣት ካለ እቀበላለሁ፤ የምለምነው ምሕረት የለኝም። የምለምነው የእኔ ጥፋት እስኪጣራ ድረስ እነዚያ ሰባቱ አቧራው ውስጥ ሆነው እንዳይጠብቁ ብቻ ነው።

ከከበረ ሰላምታዬ ጋር

እታገኘሁ በላይ
(ፊርማ)
የምናለ አራጌ እናት

ከዚህ ጋር የተያያዘ፦ የሥራ ካርድ ቁጥር 43