አባዬ የሰማው ስብከት

የካቲት 3

ልብስ አጠባ ላይ ዋልኩ። ቅስና ልማር ዘርዓ ክህነት ከገባሁ አራተኛ ዓመቴ፤ አንሶላ መጭመቅ ግን እስካሁን አልሆነልኝም… ደወሉ መጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ። ድምፁ ከጸሎት ቤት እስከ ወጥ ቤት ስለሚሰማ ነው ደወሉ የምንለው። አብረን ገባን፣ አንድ ክፍል ነን፣ እንደ ወንድሜ ነው።

"በዘንድሮው መንፈሳዊ ጉዞ ከተማሪ እኔ እንድሰብክ ተመረጥኩ" አለኝ። ደስ አለኝ። ትንሽም ቀናሁ… ለምን እዋሻለሁ?

የካቲት 9

ለአባዬ ደወልኩለት። "ከኛ ጋር ብትጓዝስ?" እማዬ ከሞተች ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ከጀርባው የጎማ መንፊያው ይንጫጫል። ጎሚስታ ነው አባዬ፤ ስልክ ሲያወራም እጁ አያርፍም።

"በእግር ነው?"

"በእግር ነው።"

"ጎማ የሚያበላውን ሰው በእግር ሂድ ትለዋለህ?"

ሳቀ። እመጣለሁ አለ!

የካቲት 10

ደስታዬን ለደወሉ አጫወትኩት። "አባትህ ስለሚመጣ ይሄ ሁሉ?" አለኝ። ያኔ ለማንም ያልተነፈስኩትን ተነፈስኩለት። እማዬ ሆስፒታል ስታጣጥር አባዬ ጥሏት እንደጠፋ… ከተቀበረች በኋላ መጠጥ ቤት እንደተገኘ… እጇን የያዝኩት እኔ ብቻ እንደነበርኩ።

አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። "ከኔ አያልፍም" አለ።

ቀለለኝ።

የካቲት 21

መንገድ ላይ ነን። የአባዬ ተረከዝ ውሃ ቋጥሯል። "ተነፍቷል እንጂ አልፈነዳም፤ ያደርሰኛል" ብሎ አብረውን የሚጓዙትን ሴቶች አሳቃቸው። መቁጠሪያ ሲደገም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ… ወይስ መሰለኝ? አይ፣ አየሁ።

የካቲት 22



መድረሻችን ኮረብታ ላይ ደረስን። ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ አባዬ ከጎኔ። ደወሉ ተነሣ። ደቀ መዛሙርቱ ጌታን ጥለው ስለመሸሻቸው ጀመረ። ጥሩ ነበር። ከዚያ…

"አንድ ጎሚስታ አውቃለሁ" አለ። "ሚስቱ ሆስፒታል ስታጣጥር…"

ሁሉንም። ቀብሩን። መጠጥ ቤቱን። "የልጇ እጅ ብቻ!" ሲል ሴቶቹ እዬዬ አሉ። ስም አልጠራም። ስም ምን ያደርግለታል? አብረውት የተጓዙት ሁሉ ዞረው አባዬን አዩት።

አባዬ ያወለቀውን ጫማ አጠለቀ። ቀስ ብሎ። ተነሣ። እስከ አውራ መንገዱ ተከተልኩት።

"አባዬ…"

"ይቅር ብለኸኝ የጠራኸኝ መስሎኝ ነበር" አለ።

ጭነት መኪና አስቁሞ ሄደ።

የካቲት 23

ተመለስን። ደወሉን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ያዝኩት።

"ከኔ አያልፍም አላልክም?"

"ስም እኮ አልጠራሁም!"

"አጠገቤ ተቀምጦ እያየኸው?"

"አየሁት… ግን ስብከቱን አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ፤ ምን ልበል? ደግሞ ስንት ሰው ንስሐ እንደገባ ታውቃለህ? መንፈስ ቅዱስ ነው ያናገረኝ።"

መንፈስ ቅዱስ! እኔ የነገርኩትን!

ምሳ ላይ አለቃችን በሁሉ ፊት አመሰገኑት። ተጨበጨበለት። ወደ ታች ብመለከት የኔም እጅ ያጨበጭባል… ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 2

አባዬ ስልክ አያነሣም።

መጋቢት 6

ለአለቃችን ነገርኳቸው። "ልጄ፣ ጥፋት ነው። ግን ፍሬውንም ተመልከት" አሉኝ። ፍሬው የማን ነው? የከፈለውስ? ክፍል እንዲቀይሩልኝ ብቻ ለመንኳቸው።

ደወሉ ፍራሼን ሊሸከምልኝ መጣ። "ተወው" አልኩት። "ወንድሜ…" አለ፤ ያ ድምፁ ጠፍቶ። ይቅርታ ሊለኝ ነበር? የቀረውን ለመስማት አልቆምኩም።

መጋቢት 15

የስብከት ተራዬ ነበር። "አንድ ሰው አውቃለሁ" የሚለው ምላሴ ጫፍ ደረሰ። ደወሉም በነዚህ ዓመታት የነገረኝ ነገር አለ እኮ። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ላብ አጥምቆታል። ገብቶታል። አንዲት ቃል ብቻ…

ዋጥኩት። ለእግዜር ብዬ ነው ብል ዋሸሁ ማለት ነው። እሱን መምሰል አስጠልቶኝ ነው። ስብከቴ አጠረ፣ ደረቀ። "ጨው የለውም" አሉኝ። ይሁን።

መጋቢት 20

ፈቃድ ጠይቄ አባዬ ጋ ሄድኩ። ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል። ቀና አላለም።

"ለስንት ሰው ነገርክ?"

"ለአንድ።"

"አንድ ይበቃል።"

እጅጌዬን ሰብስቤ ጎማውን ያዝኩለት። ቀዳዳውን አብረን ለጠፍን። አንድ ደንበኛ "ልጅህ ቄስ ሊሆን ነው አሉ?" አለው። "እሱን ጠይቀው" አለ አባዬ። ሰውየው ሲሄድ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ጓደኛህ ያወራው እውነት ነው። አንተ ግን ለምን እንደሄድኩ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

አላውቅም። ለሌላ ሰው አወራሁ እንጂ እሱን አልጠየቅኩትም።

"አሁን ብጠይቅህስ?"

"ሌላ ሰው ይሰማዋል?"

"አይሰማም።"

ትንሽ አየኝ። ከዚያ በርጩማውን በእግሩ ገፋልኝ። ተቀመጥኩ። ሱቁን እስኪዘጋ ነገረኝ።

የነገረኝን እዚህም አልጽፈውም።