አባዬን በፖስተር የገደልኩበት ቀን

ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018፣ ቶሮንቶ

ዛሬ አባቴን ገደልኩ። ሆን ብዬ አይደለም፤ ኤግዚቢሽኔን ሳስተዋውቅ ነው።

ኢንተርኔት ላይ የማወጣው ኮሚክ ዋና ገጸ ባሕርይ አባዬ ነው፤ የተኮሳተረ ሽማግሌ። «በሰው ፊት አዋረድከኝ» ብሎ ካኮረፈኝ ሁለት ዓመት ሆነ። ለመጀመሪያው ኤግዚቢሽኔ ፖስተር የመረጥኩት ያንኑ ፊት ነበር፤ በጥቁርና ነጭ፣ ከሥሩ ቀን፣ ሰዓትና አድራሻ። ኩራት ይዞኝ የቤተ ክርስቲያናችን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ሐበሻ እንዲህ ያለ ምስል ሲያይ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን እኔ ሊቁ ረሳሁ።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን እትዬ አልማዝና ሁለት ጎረቤቶቿ ጥቁር ለብሰው፣ ምስር ወጥ በድስት ይዘው ሴንት ጄምስ ታውን አባዬ ቤት ለቅሶ ደረሱ። በሩን የከፈተላቸው ሟች ራሱ ነው።

ወዲያው ደወለልኝ።

«ቀብሬ ቅዳሜ ነው አሉ። ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

«አባዬ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው...»

«አልማዝ ከሊፍቱ ጀምራ ነው እያለቀሰች የመጣችው። ወጡ ግን ጥሩ ነው።» ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «እነሱ በሰዓታቸው ደረሱ። እኔና አንተን የሚያራርቀን ሁለት ፌርማታ ነው።»

ስልኩን ዘጋው።

ፖስተሩን ላስተካክል ተቀመጥኩ፤ በቀለም፣ እየሳቀ። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። እጄ የሚያውቀው ኩርፊያውን ብቻ ነው። ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሲስቅ ዓይኑ ይጨፈን እንደሆነ፣ የትኛው ጥርሱ እንደጎደለ ግን አላስታውስም።