የኋላው ወንበር ሙቀት

ኤፕሪል 22፣ ማክሰኞ

በመኪናዬ ወደ ሮሃስ ከተማ ሄደን ተመለስን። ስድስት የኩላሊት ታማሚ፣ ዘጠኝ ካርቶን የዓሣ ቋንጣ። እነሱ ሆስፒታል ኩላሊታቸውን ታጥበው እስኪወጡ ቋንጣው ተሸጦ አለቀ።

ከኋላ ዛሬም ስሞታ። እኔ ጋቢና ጉልበቴን ብርድ ሲቆረጥመኝ እነሱ በጋዜጣ ያራግባሉ... ሹፌሩን ዊልማርን ጠየቅኩት። “ወሩ ነዋ፣ ማናንግ ሶሊንግ። ኤፕሪል የሙቀት ወር ነው” አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ የኋላውን ኤሲ ያጠፋው ይሆን? አልነገርኩትም። እስቲ ልየው።

ደክሞኛል።

ኤፕሪል 25፣ ዓርብ

ከታማሚዎቹ አንዷ፣ መምህርት ፔርፔቱዋ፣ አልወጡም። ደጃፋቸው ቆመን ጡሩምባ ብንነፋ በመስኮት ብቅ አሉ። “ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ዛሬ ይቅርብኝ።”

ወርጄ ለመንኳቸው። አንድ እግራቸው አይታጠፍም። የሚዘረጉበት ቦታ ያለው የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻ ነው። ሙቀቱ ደግሞ እዚያ ነው የሚብሰው። “ለቀኑ የተፈቀደልኝ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ነው” አሉ። “ያንቺ መኪና ሮሃስ ሳንደርስ ያስጨርሰኛል። ከዚያ እስከ ማታ ምራቄን ልዋጥ?”

ማክሰኞስ? አልኳቸው።

“እናያለን።”

“እናያለን” ያለ ደንበኛ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ግን የኔ ደንበኛ ቢቀር ሌላ ሱቅ ይሄዳል። እሳቸው የት ይሄዳሉ? የሆስፒታሉ ነርስ አንዴ መቅረትም አደገኛ ነው፣ ሁለቴ ከሆነ ግን እንዳትሞክሩት ብላናለች። ስለዚህ እስከ ማክሰኞ ነው ያለኝ።

ስንመለስ እሳቸው ቦታ ተቀመጥኩ። መኪናው የኔ ከሆነ ሁለት ዓመቱ፣ እዚያ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ። ሸሚዜ በላብ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ዓይኔን ከዊልማር እጅ አልነቀልኩም፤ ማብሪያውን አልነካም። ፋኑ ይጮሃል። ጣሪያው ላይ ካለው የአየር መውጫ ሥር ወረቀት ያዝኩ... አልተንቀሳቀሰም።

በከንቱ ጠረጠርኩት።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ከተማ ያለው ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት “ኮምፕሬሰሩ አልቋል” አለ። ለፊቱና ለኋላው ኮምፕሬሰር አንድ ነው? አንድ ነው አለ። ታዲያ ያለቀው ነገር የኔን ጉልበት እንዴት ያበርደዋል?

“እንግዲህ ለኋላው አልደርስ ብሎት ነው” አለ። ዕቃውን ሳያይ ዋጋ ከሚጠራ ሰው ጋር ተከራክሬ አላውቅም። አመስግኜ ወጣሁ።

ኤፕሪል 28፣ ሰኞ

ከዊልማር ጋር ማኖንግ አርሴኒዮ ዘንድ ሄድን። ወደቡ ላይ የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍሎችን የሚጠግነው ሽማግሌ። መፍቻ እንኳ ሳያነሳ ጠየቀኝ። “የኋላው አየር ከየት ነው የሚገባው?”

ከውጭ ነዋ፣ አልኩ።

“ከውጭማ ቢሆን ሶሊንግ፣ ፀሐይን ስታቀዘቅዢ ትኖሪ ነበር።” መኪናው ውስጥ ያለውን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ ይሰጣል አለ። እንደ ንግድ ነው፤ ካልገባ አይወጣም። አየር መሳቢያው የት እንዳለ ጠየቀ። አላውቅም።

ዊልማር በከንፈሩ ጠቆመ። ወደ ሳጥኔ።

ካርቶኖቹ እንዳይንሸራተቱ መኪናውን በገዛሁ ሰሞን ያሠራሁት የኮምፔርሳቶ ሳጥን ነው። ከኋላ በኩል የመኪናው ጎን ላይ በብሎን የታሰረ። ፈታነው። ከጀርባው የአየር መሳቢያው ወንፊት አለ። ወንፊቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት፣ ጨው፣ አቧራ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። አርሴኒዮ እንደ ቆዳ ገፈፈው። ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣም ያው ነበር። ከሰዓቱ በሙሉ በውሃና በብሩሽ አለቀ።

ዊልማርን ለምን አልነገርከኝም አልኩት። መሬት መሬት እያየ መለሰ። “ሳጥኑ ሲታሰር ወንፊቱን እንደሸፈነው አይቻለሁ። አናጢው ፊት ላሳፍርዎት? ከዚያ በኋላ ደግሞ... ቆየ። የቆየ ነገር ማንሳት ከበደኝ።”

ምን እለዋለሁ? እኔም ጠርጥሬው ዝም ብያለሁ። ይህን ግን ነገርኩት። ጆሮው ቀላ።

ሳጥኑን ቀዳዳ አበጅተን ብንመልሰውስ? ብዬ ሞከርኩ። አርሴኒዮ ሳቀ። “ያን ጊዜ ዓሣው ይተነፍሳል፣ በሽተኞቹ ደግሞ ዓሣውን ይተነፍሳሉ።”

ሳጥኑን ለአርሴኒዮ ተውኩለት። ቋንጣው በአውቶቡስ ጣሪያ ይሂድ። የሚደርሰው ገበያው ከሞቀ በኋላ ነው፤ ጥሩዎቹን ደንበኞች ሌላ ሰው ይወስዳቸዋል። ይውሰዳቸው። ሁለቱን ነገር ባንድ መኪና ልጭን ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት።

ሞተሩን አስነስተን መውጫው ሥር ወረቀት ያዝኩ። አየሩ ከእጄ ነጥቆ ወሰደው።

ኤፕሪል 29፣ ማክሰኞ

መምህርት ፔርፔቱዋ ደጅ ጡሩምባ አላስነፋሁም። ገባሁ። ፊታቸው አብጧል፤ ነጠላ ጫማው አልገባ ብሏቸው በካልሲ ተቀምጠዋል። ተሠርቷል አልኳቸው። “እንዲህ ያሉኝ ተማሪዎች ብዙ ናቸው” አሉ። ዊልማር ደግፎ አወጣቸው።

የኋላው ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ወደ መውጫው አነሱ። ደብተር እንደሚያርም ሰው ረጅም ጊዜ አቆዩት። ገና ፒላር ከተማ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ውሃቸው ፕላስቲኩ ውስጥ እንዳለ ነው።

ነርሷ ተቆጣች፤ እኔንም ጨምራ። የእጥበቱን ሰዓት አስረዘመችባቸው። ጠበቅን። ሌሎቹም አላጉረመረሙም።

ማታ ደጃፋቸው ስናደርሳቸው በሩን ይዘው ዞር አሉ።

“ዓርብ በስንት ሰዓት ነው የምትመጡት?”

ሁለት ዓመት ሙሉ የመጣነው ሰዓት ሳንቀይር ነው። እሳቸው ደግሞ ሰዓት የሚረሱ ሰው አይደሉም።

“በአራት ሰዓት” አልኳቸው።