የታጠበው ሹራብ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ባልሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ወንድምሽ የጻፈልኝ እንዳይመስልሽ፤ የሱ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ነው፣ የኔ ቢያንስ ይነበባል። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚህ ሰፈር ባለው ትምህርት ቤት ለትልልቅ ሰዎች የሚሰጠውን የከሰዓት ትምህርት ገብቼ ሁለት ዓመት ተማርኩ። ከክፍሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነበርኩ። አስተማሪያችን ከአንቺ የምታንስ ልጅ ናት። አንድ ቀን «እማማ፣ አሁን ፊደል ምን ያደርግልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ላነብበት ነው» አልኳት። ዋሸኋት።

ስልክ ስደውል ባልሽ ያነሳና «ተኝታለች እማማ» ይለኛል። ጠዋት ብደውል ተኝተሻል፣ እኩለ ቀን ብደውል ተኝተሻል። ሰው ስድስት ዓመት እንዴት ይተኛል? ደግ ልጅ ነው፣ ውሸት ግን አልሠራለትም። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁ። የምነግርሽ አንድ ነገር አለኝ፤ ለምን እንዳኮረፍሽኝ አሁን ነው የገባኝ። ግን ደክሞኛል፣ በቀጥታው መንገድ መሄድ አልችልም። በውሻው በኩል ዞሬ ልምጣ።

አዎ፣ ወንድምሽ ቤት ውሻ ገብቷል። ያመጣችው ልጁ ናት። አንቺ ስትሄጂ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ዘጠኝ ሞልቷታል። አንድ ቦታ ለአፍታ ስለማትቀመጥ ቁንጫ እላታለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በገመድ ውሻ እየጎተተች ከች አለች። ቡናማ ነው፤ ጎድኑ ይቆጠራል፤ አንድ ጆሮው ተቀዷል። በአፉ አሮጌ የወንድ ሹራብ ነክሷል። የሹራቡ ቀለም ከእድፉ ብዛት አይለይም። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ምድጃው የሚያሞቀው ግድግዳ ሥር ተኝቶ ነው ያገኘችው።

ምራቴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሳል ስትሰማ የምትውል ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ «ይሄ ነገር ይቺን ደፍ አያልፍም!» አለች።

«እማዬ፣ ማንም የለውም እኮ!»

«እኔስ ማን አለኝ? አንድ ቁንጫ መች አነሰንና ነው የቁንጫ መንጋ ጎትተሽ የመጣሽው?»

ወንድምሽ ከጋራዥ ገባ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሁለቱንም ሰማ፣ ከዚያ «አንድ ወር እንየው፤ ካልለመደ ይሄዳል» አለ። ታውቂው የለ፤ ነገሩ ሁሉ «እንየው» ነው። እኔንም ቤቴን አስለቅቆ እዚህ ሲያመጣኝ «ለጥቂት ጊዜ እንየው እማ» ነበር ያለኝ። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ፤ ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ፣ ድሮ መሰላልና ያለቀ ጎማ ይቀመጥባት በነበረች ክፍል ውስጥ እየታየሁ ነው። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲለኝ፣ «ቦታ ካጣ እኔ በር ላይ ይተኛ፣ እኔ ጋ የሚመጣ ሰው የለም፣ ማንንም አያሰናክልም» አልኩት። ምራቴ ቀና ብላ አየችኝና ከበሩ ገለል አለች።

ቁንጫ «ዳኛው» ብላ ስም አወጣችለት፤ እያንዳንዱን ሰው አፍጥጦ እያየ ፍርዱን ለራሱ ስለሚይዝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ያንን ሹራብ እኔ በር ላይ አንጥፎ፣ አገጩን አሳርፎበት ዋለ አደረ። ሰው እያየው አይበላም። ሳህኑን አስቀምጠሽ ጀርባሽን ካዞርሽ በኋላ ነው ሲልስ የምትሰሚው። የወንድምሽን ቦት ጫማ ኮቴ ሲሰማ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ማን እንደመታው እንጃ፤ ግን ቦት ጫማ ያደረገ ሰው ነው። ወንድምሽ ይህን ሲያውቅ ጫማውን ውጭ እያወለቀ በካልሲ መግባት ጀመረ። ምራቴ «አሥራ ሁለት ዓመት ለምኜው እንቢ ያለኝን ለውሻ አደረገው» ብላ ሳቀች። በሁለተኛው ሳምንት ጆሮውን ለቁንጫ አስነካ። በሦስተኛው፣ ሹራቡን በአፉ ይዞ ክፍሌ ገባና አልጋዬ ሥር ተኛ። እንግዲህ ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያች ክፍል ሌላ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ሰው አልኩ መሰለኝ፤ ይሁን።

በማግስቱ ሰኞ ሁሉም ወጡ። ዳኛው ጓሮ ፀሐይ ሊሞቅ ወጣ። ሹራቡ አልጋዬ ሥር ቀረ፤ ሸተተኝ። እናትሽን ታውቂያታለሽ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል ልብስ ያጠበ እጅ እድፍ አይቶ አርፎ አይቀመጥም። ደም በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሙቅ ካገኘው ይይዛል። ትውከት ለብቻው። ከውጭ የገባ ሁሉ ይቀቀላል። ሹራቡን ቀቀልኩት፣ በሳሙና ፈተግኩት፣ በረኪና ያለበት ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቄ አሰጣሁት። አረንጓዴ ነው ለካ! አረንጓዴ፣ ክርኑ ላይ በጥቁር ክር የተጣፈ። ቆሜ አየሁት፤ ኮራሁ። ቤቱ የኔም እንደሆነ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው፣ ለአንድ ነዋሪ አንድ ነገር ስላጠብኩለት።

ዳኛው መጣ። ገመዱ ሥር ቆሞ የሚንጠባጠበውን ሹራብ አሸተተ። ባልዲውን አሸተተ። ክፍሌ ገብቶ አልጋዬ ሥር አሸተተ፣ ወጣ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ እጄን፣ መዳፌን፣ በጣቶቼ መሃል ሁሉ ሲያሸትት ቆየ። አፍንጫው ቀዝቃዛ ነበር። የሚያመሰግነኝ መስሎኝ «አይዞህ፣ ሲደርቅ ትወስደዋለህ» አልኩት። ትቶኝ ሄዶ የውጭው በር ሥር ተቀመጠ። ቁንጫ ከትምህርት ቤት መጥታ በሩን ስትከፍት በእግሮቿ መሃል ሾልኮ ወጣ።

«አያቴ፣ ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ፣ ሹራቡን አጠብኩለት እንጂ!»

ልጅቷ ሹራቡን አየች፣ ሄዳ ፊቷን ለጠፈችበት። «ሁሉንም አጠብሽው? ምንም አልቀረም?»

ልጄ፣ ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ካንቺ።

ዳኛው ሁለት ቀን ጠፋ። ወንድምሽ ከሥራ መልስ በጋራዡ መኪና ሰፈሩን ዞረ። ምራቴ እንኳ መድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይህን ጉልበቴን ይዤ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ግድግዳው ሥር ነበር። ባዶ መሬት ላይ ተኝቶ፣ አገጩን ሲሚንቶው ላይ አሳርፎ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የለበሰ ክንዷን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች። «የእርስዎ ነው እማማ?»

«እኔ እንጃ» አልኳት።

«የጫማ ሰፊው ውሻ እኮ ነው። ሰውዬው እዚህች ሳጥን ላይ ተቀምጦ ስንት ዓመት ጫማ ሰፋ። በብርዱ ጊዜ ሞተ። የሚለብሳት ሹራብ እዚሁ ቀረች፣ ውሻው ተኛባት። ላቃጥላት ብዬ ነበር፣ ባሌ ‹ተይለት› አለኝ፣ ተውንለት።»

ተውንለት። ዕድሜዋን ዱቄት ስታቦካ የኖረች ሴት ያወቀችውን እኔ አላወቅሁም።

ጠራሁት፣ አልመጣም። ዳቦ ቆረስኩለት፣ አልበላም። የጫማ ሰፊው ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? የበረኪና ሽታን የሚያወጣ ሳሙና የለም። እስከ እኩለ ቀን ተቀምጬ ተመለስኩ። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ጋጋሪዋ «እማማ፣ የሰውዬውን ሥራ ተረከቡት እንዴ? የኔ ጫማ ተረከዙ ለቋል» አለችኝ። «ነገ መርፌ ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ በእጅሽ ሂጂ» አልኳት። ስቃ ስቃ ሻይ አመጣችልኝ። ዳኛው እኛን እያየ ዳቦውን በላ፤ ጀርባዬን ሳላዞር።

በአምስተኛው ቀን ልሄድ ስነሳ ተነሳ። አልጠራሁትም። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ከኋላዬ መጣ። ስቆም ይቆማል፤ ጉልበቴ ስለሚይዘኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው የምቆመው። ቤት ስንደርስ በሩን የከፈተችው ምራቴ ናት። «ወሩ እኮ ሊሞላ ነው» አልኳት፣ ቀድሜ ልናገረው ብዬ። ውሻውን አየች፣ እግሬን አየች። «ከዛሬ ይቆጠራላ» አለችና ወንበር አመጣችልኝ፣ እግሬንም በሙቅ ውሃ አጠበችልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያማኋት ሴት ናት።

አሁን ዳኛው እኔ በር ላይ ነው የሚተኛው፤ ወደ ውስጥ አይገባም። ሹራቡን ቁንጫ አንጥፋለት ነበር፣ ተራምዶት አለፈ። ይቅር አለኝ ብዬ አልዋሽሽም። እዚህ ይኖራል፣ ይኸው ነው።

እንግዲህ ያልኩሽ ነገር ላይ ደረስኩ።

እኛ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሕግ ነበረን። ሰው የሞተበት አልጋ ጨርቅ ሳያድር ይታጠባል። የሟቹም ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ለክብሩ ነው ብለው አስተማሩኝ፣ አመንኩ። ስንት እናት ከእጄ ንጹሕ ልብስ ተቀብላ ሄደች! ያመሰገኑኝን ነበር የማስታውሰው። ከዚያ ሰኞ ወዲህ ግን ዝም ብለው ተቀብለውኝ የሄዱት ይመጡብኛል።

ልጅሽ ሆስፒታል ባረፈች ቀን፣ አንቺ ገና እሷ አጠገብ ሳለሽ፣ ቁልፍሽን ይዤ ቤትሽ ሄድኩ። ስትመጪ እንዳታይ፣ አይተሽ እንዳትጎጂ ብዬ ነው። እኔ የማውቀው እርዳታ እሱ ብቻ ነበር። ስትገቢ ልብሷ ሁሉ ታጥቦ ገመዱ ላይ ነበር። አንድ በአንድ ፊትሽ ላይ ለጠፍሽው። «ሁሉንም?» አልሽኝ። እኔም፣ ሥራዬ አልቆ እንደሚመሰገን ሰው፣ «ሁሉንም፣ አንድም አላስቀረሁም» አልኩሽ። ከዚያ በኋላ አላነጋገርሽኝም። ከሐዘን ብዛት ነው አልኩ። ቆይቼ ደግሞ ምስጋና የማታውቅ ልጅ አልኩሽ፤ ለጎረቤትም ተናገርኩ። ይህንንም እወቂው።

የነበረውን ልጻፍልሽ፤ ከኔ በቀር ያየው የለም። ሦስት ነጭ ሸሚዝ ነበር። ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሰማያዊውና ጠርዙ የተተረተረው። ማሰሪያ ያላት ቢጫ ቆብ፤ አንዱ ማሰሪያ ታኝኮ ጫፉ ደርቋል። አምስት ካልሲ፣ አንዱ ጎዶሎ። ከነጮቹ ሸሚዞች የአንዱ አንገት ላይ በግራ በኩል ወተት ደርቆ ነበር፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። በግራ ትከሻሽ ስለምታቅፊያት ይሆናል። ውሃው ውስጥ ከመክተቴ በፊት አሸተትኩት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ረጅም ጊዜ አሸተትኩት፣ ከዚያ ከተትኩት።

እግዚአብሔር እንቅልፍሽን የእውነት እንቅልፍ ያድርግልሽ። ባልሽን ጤና ይስጥልኝ። የምትገቢበት ቤት ሁሉ በሩን ይክፈትልሽ።

ሽታው አልጠፋኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠፋኝም። ወተት ነው እንዳልል ወተት ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ የመታው ፀጉር አለበት፣ ሌላም አለበት። ብትጠይቂኝ የማውቀውን ያህል እነግርሻለሁ፤ እስክትጠይቂኝ ድረስ አልሞትም።

እናትሽ