የ«መሰለኝ» ቅጣት

ለተከበራችሁ የፈተና ቦርድ አባላት፣
ካላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁም የጣፈጠ እንዲሆን ከሲልቨር ስፕሪንግ እመኛለሁ፤ ከእኛ ቤት የጠፋው እንቅልፍ ምናልባት እናንተ ዘንድ ደርሶ ይሆናል። ለኮሌጅ መግቢያ በምትሰጡት ፈተና ለተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ መቀነሱን ከዘንድሮ ጀምሮ ማስቀረታችሁን ሰምቼ፣ ልጄ ሩሃማ በተፈተነች በዓመቱ ለደረሰው ምሕረታችሁ እጅ እነሳለሁ።

አንደኛ፣ በእኛ ቋንቋ «መሰለኝ» የሚባል ቃል አለ። ሰው እርግጠኛ ሳይሆን አፉን የሚከፍተው በዚህ ቃል ነው፤ መንገድ የምናመላክተውም፣ ትዳር የምንይዘውም በ«መሰለኝ» ነው። ሩሃማ አፏን የፈታችው በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይህን ቃል ግን በአማርኛ ነበር የምትለው። በቤተ ክርስቲያናችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ላይ ከሁሉ ቀድማ እጇን ታወጣለች፤ ኖኅን ዓሣ ሆድ ውስጥ ብታስገባው እንኳ ይጨበጨብላት ነበር። ስትሳሳት እያጨበጨብን ያበላሸናትን ልጅ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈተና ስላረማችሁልን ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሁለተኛ፣ መመሪያችሁ ስህተት ያስቀጣል፣ ባዶ መተው ግን አያስቀጣም ይል ነበር። ያላቸው ሰዎች ልጆች አስጠኚ ተቀጥሮላቸው፣ ከአምስቱ ምርጫ ሁለቱን መሰረዝ የቻለ ቢገምት እንደሚያዋጣው ተምረው ገቡ። የእኔዋ ቃላችሁን እንደ ቃለ እግዚአብሔር ተቀብላ፣ ምላ የማትመሰክርለትን ሁሉ ባዶ ተወችው። ከፈተናው ወጥታ ወደ እህቴ ወደ ጌጤነሽ ቤት፣ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ፣ መኪና ውስጥ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው ትነግረኝ ነበር። ታዲያ ለምን አልሞላሽውም ብላት፣ መሰለኝ እንጂ አላወቅሁትም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም።

ሦስተኛ፣ ውጤቷ ዝቅ ብሎ ከመጣ በኋላ ልጄ እርግጠኛ ያልሆነችበትን መናገር ተወች፤ ቀስ በቀስም እርግጠኛ የምትሆንበት ነገር አለቀባት። ራት ምን ልሥራልሽ ስላት፣ ሰዎችም የት ልትማሪ ነው ሲሏት፣ ዝም ነው። ቤታችን ውስጥ ሰው አለ፣ ድምፅ ግን የለም። አንዳንዴ ኮቴዋን ስሰማ የሞተ ሰው የሚመላለስ ይመስለኛል፤ እናት ስለ ልጇ እንዲህ ብላ መጻፍ ያስፈራታል። አባቶች ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ በእኔ ቤት ግን ነቅዟል።

ስለዚህ ደንቡ መሻሩን ለእሷም የሚነግርልኝ ሰው ብትልኩልኝ ውለታችሁን አልረሳም። እኔን አላመነችኝም።

ደንብ ማውጣትም፣ መሻርም፣ በሁለቱም መመስገንም ለማይከብዳችሁ ለእናንተ ያለኝን ወደር የሌለው አክብሮት እየገለጽሁ፣

ታዛዣችሁ
የሺሀረግ መንገሻ፣ የሩሃማ እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት በሯን አንኳኩቼ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ብዬ ጠየቅኋት። ባዶ ተወችው። በቀድሞው ደንባችሁ መሠረት ምንም አልተቀነሰባትም።